በየተራ ያስጠጋናቸው ሽማግሌ

በቀደም ማኅበር ላይ ተቆጣሁ። መቆጣቴ ለዳንግላ ሰው አዲስ አይደለም፤ ከሰል ነጋዴ ነኝ፣ ከጫኝ ከአውራጁ ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። የዚያ ቀኑ ግን ይለያል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አንዲት የማኅበራችን ሴት ተነሣች። መናኸሪያው ጥግ ልጇን ታቅፋ የምታድር ተፈናቃይ አለች፣ "እንዳለፈው ጊዜ በየተራ እየወሰድን ብናሳድራትስ?" አለች። ሁሉም "ይበል" አለ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ "ደግሞ እሷን ልንገድል ነው?" አልኩ።

ሙሴው፣ ማለት የማኅበራችን ሹም፣ "ተይ እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው?" አሉኝ። "ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ካለ ቁልፉን ይስጣት። ከሌለው የለኝም ይበል። የእኔ የጓሮ ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ሰው አለባት፣ ሁለተኛ አትይዝም እንጂ ሌላ ሰው አልለምንም ነበር" አልኩና ተቀመጥኩ። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም። አምና ሐምሌ የቀበርናቸው ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን እያሉ አስቸገሩኝ። እሳቸውን ቤት ለቤት ያዞርናቸው በክፋት አይደለም። ሐሳቡም የሌላ ሰው አይደለም፣ የእኔው ነው።

ሽማግሌው ጋሪ ነጂ ነበሩ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ የሚመጣውን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል መኪናው አስፋልት ዳር ሲያራግፍልኝ፣ እስከ ቤቴ የሚያደርሱልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ገደማ። ቁጥብ ሰው ናቸው። ከፈረሳቸው ጋር በአዊኛ ሲያወሩ እሰማለሁ እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገሩም። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ የገጠሩን መሬት የወንድማቸው ልጆች ይዘውታል። ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ሥራቸው ሳሳ፤ ቀጥሎ ፈረሱ ሞተ። ከገበያው ጀርባ የተከራዩዋት ክፍል ደግሞ ግቢውን ወራሾች ተካፍለውት ፈረሰች። ሌላ ቢፈልጉ የሚያከራያቸው ጠፋ። ሰው የፈራው ኪራዩን አይደለም፤ "ብቻቸውን ናቸው፣ ቤቴ ውስጥ ቢሞቱብኝስ?" ነው የሚለው። እኔ ራሴ አንድ አከራይ ይህን ሲል ሰምቼ ራሴን ነቅንቄ አልፌያለሁ።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጡ። ከየኔ ቢጤዎቹ ፈንጠር ብለው፣ ከአጥሩ ሥር ኩርምት ብለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይቀመጣሉ። እጃቸውን አይዘረጉም። ያለፈው ሁሉ "እንዴት አደሩ?" ይላቸዋል፣ እሳቸውም "እግዜር ይመስገን" ይላሉ። የት እንዳደሩ እያየን ነው እንዴት አደሩ የምንላቸው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጠና ሳል ያዛቸው።

በዚያ ወር ማኅበር ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ካለ "ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ" ይባላል እንጂ ከየት ነህ ወዴት ነህ ተብሎ አይመለስም። ታዲያ የእኚህ ሰው ምነው ቀረ? "አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ ጽዋችን በየቤታችን ይዞር የለም ወይ? እሳቸውም አንድ አንድ ሳምንት እየሆኑ ይዙሩ" አልኩ። ሰዉ መረቀኝ። ሙሴው እንኳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የጨረሰው ተረኛ ለቀጣዩ ተረኛ እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንዲያስረክብ ተስማማን። ዕጣ ስንጥል የእኔ ዘጠነኛ ወጣ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ጉድ ሠራ። አንዱ ቤት በግ አርዶ ተቀበላቸው ሲባል ሌላው አዲስ ጋቢ አለበሳቸው ይባላል። እግራቸው ይታጠባል፣ ከላይ ይቀመጣሉ፣ ጎረቤት ተጠርቶ "እንግዳችንን ተዋወቁልን" ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በጋሪያቸው ስንሳፈር የኖርን ሰዎች ነን እንግዲህ የምንተዋወቃቸው። በየገበያው የማወራው የእሳቸውን ነገር ነበር። እዚህ ቤት ምን በሉ፣ እዚያ ቤት ምን ላይ ተኙ እያልኩ የእኔን ተራ አሰናዳለሁ።

የእኔ ተራ ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ሆነ። አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ ቅቤውን አላስተረፍኩም። እሳቸው ግን የሚበሉት እንደ ወፍ ነው። "በሞቴ ይብሉልኝ" ስላቸው አንድ ጉርሻ ይጨምራሉ፣ "አፈር ስሆን" ስላቸው ሌላ ይጨምራሉ፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። ባሌ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ማታ ማታ ዜና ሳያይ አይተኛም። ፍራሻቸው እዚያው ቴሌቪዥኑ ሥር ስለሆነ ሽማግሌው እኛ እስክንነሣ ድረስ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ይጠብቃሉ። እያንጎላጁ "ይተኙ እንጂ አባባ" ስንላቸው "ኧረ አልደከመኝም" ይላሉ። ጠዋትም ከእኛ ቀድመው ተነሥተው ፍራሹን ጠቅልለው፣ ግድግዳ ተደግፈው እናገኛቸዋለን። እኔ ይህን ጨዋነት እለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰል ሲገባልኝ ተነሡና ማዳበሪያ ሊሸከሙ ጎንበስ አሉ። ጮኼ አስቀመጥኳቸው። "እንግዳ ሥራ ሲሠራ የት ታይቷል? ሊያዋርዱኝ ነው?" አልኳቸው። እጃቸውን አራግፈው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሲያዩኝ እንደ ጥፋተኛ ይደነግጡ ጀመር።

ዓርብ ዕለት ጓሮ ወጥቼ ከሰል ስሰፍር መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከሰሉን የማስቀምጥባት ክፍል አለች፤ ጭቃ ቤት ናት፣ ከዋናው ቤት ተለይታ የተሠራች፣ የቆርቆሮ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት። በሩን ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብለምንሽ አታስቀይሚኝም?" አሉኝ።

"ኧረ ምን ሆነው አባባ፣ ይበሉ እንጂ።"

"ከሰሉን ወደዚያ ጥግ ጠጋ ጠጋ ብናደርገው እኔ እዚህች እበቃለሁ። ከሰሉን እጠብቅልሻለሁ፣ እሰፍርልሻለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ከማስቸግር እዚህ በሬን ዘግቼ ብቀመጥ።"

የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደ ነበር እንደ ንስሐ ልናገረው። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ሌላው በግ እያረደ፣ ጋቢ እያለበሰ ያስተናገዳቸውን የማኅበር እንግዳ እሷ ከከሰል ጋር አጎረቻቸው ይሉኛል አልኩ። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ፣ ተራዋ ሲደርስ ጓሮ ጣለቻቸው ይባላል አልኩ። ደግሞ የባሰው፣ ሌሎቹ ሸክሙን በእኔ ላይ ጥለው ይገላገላሉ የሚል ነገርም ሽው ብሎብኛል። "አይሆንም" አልኳቸው። "እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎት። እርስዎን ጥላሸት ውስጥ አስተኝቼ እግዜር ምን ይለኛል?" እግዜር ሲባል እሳቸው ምን ይመልሳሉ? "እውነትሽን ነው" ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱ።

ባሌ ሰምቶ ኖሮ ማታ ጓዳ ገብቶ፣ "ያልጠየቁሽን ሁሉ ስትሰጪ ሰነበትሽ፣ የጠየቁሽን ብትሰጫቸው ምናለበት?" አለኝ። "አንተ ደግሞ ቾክህን ይዘህ ተቀመጥ፣ የሰውን አፍ የምሰማው እኔ ነኝ" አልኩት። እሱ ክርክር አይወድም፣ ተወኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌውን ለዐሥረኛው ቤት አስረከብኩ።

እንዲህ እየሆነ ዙሩ ተጠናቀቀና ሁለተኛው ጀመረ። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ይባል የለ? በጉ ቀረ፣ እግር ማጠቡም ቀረ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ይህን በሐቅ እናገራለሁ። ብቻ አንዱ ቤት ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸው መብራቱ አይጠፋም፣ አንዱ ቤት የወለደች ሴት አለች፣ አንዱ ቤት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ስለሚጾሙ እኚያ ሳል ያለባቸው ሽማግሌ አብረው ይጾማሉ። የየቤቱን ሕግ በአንድ ሳምንት ለምደው ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሽንት ቤቱ የት እንደ ሆነ፣ ውሻው በየት በኩል እንደሚታሰር፣ የማን ወንበር እንደማይነካ። ቅዳሜ ሲደርስ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር ብለው በኋላ የነገሩኝ አሉ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝቻቸው፣ ከስተዋል፣ "ምነው አባባ፣ አያበሉዎትም እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

"ይበላል ልጄ፣ ምን ይጎድላል። እንግዳ መሆን ግን አደከመኝ" አሉኝ።

"ተቀምጦ መብላትም ያደክማል? ምነው እኔን ባደከመኝ" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉልኝ። ምን ያድርጉ? የሳምንት ጎጆአቸው አንዱ የእኔ ነው፤ አያስቀይሙኝም።

ሦስተኛው ተራዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ያኔ ዝናቡ ቀን ከሌት ነው። መንገድ ከተዘጋ ሰነባብቶ ከሰል አይገባልኝም፣ ስልኩም ኔትወርክ የለውም፣ ከማን ጋር እንደምጣላ ጠፍቶኝ በቁጣ ተሞልቼ ነበር። ሽማግሌው ሲመጡ ሳሉ ደረታቸው ውስጥ ይንኮራኮራል። ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠኋቸው፣ ጤና ጣቢያ ወስጄ ክኒን አስያዝኳቸው። ከሰል ስለሌለ የጓሮዋ ክፍል ባዶ ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ አራት ወይም አምስት ማዳበሪያ ጥግ ላይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ስወጣ ሽማግሌው የክፍሏን ደጅ ጠርገው፣ ውኃው ወደ በሩ እንዳይገባ በመቆፈሪያ ቦይ እየቀደዱላት ነው። በቃል አልጠየቁኝም። አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ገባኝ እኮ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። የገባኝ ነገር ግን አናደደኝ፣ እጄን ጠምዝዘው ሊያስፈጽሙኝ መሰለኝ። "አባባ፣ ዝናብ ላይ ምን ያቆምዎታል? ነገ እኮ ተረኛው ሌላ ነው" አልኳቸው። መቆፈሪያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ገቡ።

በማግስቱ እሑድ ሰማይ ተቀደደ። ቤተ ክርስቲያን ብንሄድም ቀጣዮቹ ተረኞች፣ ከከተማው ዳር ያሉት ባልና ሚስት፣ ቅዳሴው ላይ አልታዩም። ዝናቡ ያስቀራቸው መሰለኝ። ባጃጅ አስቆምኩና ቤቱን ለሾፌሩ አስረድቼ ሽማግሌውን አሳፈርኳቸው።

ባሌ፣ "ሰዎቹ መኖራቸውን ሳናውቅ?" አለኝ።

"በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ? ተራው የእነሱ ነው" አልኩት።

ሰዎቹ አዘና ከተማ ለቅሶ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸው ቀርተው ነበር። እንዳይደውሉልን ስልክ የለም። ባጃጁ ሽማግሌውን በሰዎቹ በር ላይ አውርዶ ተመለሰ። የግቢው በር ተቆልፏል። ከበሩ በላይ ክንድ የምታህል የቆርቆሮ ክዳን አለች፤ ሽማግሌው እሷ ሥር ተቀመጡ። እሑድ ዋሉ አደሩ። ሰኞ ዋሉ አደሩ። ማክሰኞም እንዲሁ። ጎረቤት አላየ አይደለም። አንዷ ዳቦ አውጥታላቸው ወደ ቤት ይግቡ ብትላቸው፣ "ተረኞቹ አሁን ይመጣሉ፣ ሲመጡ ካጡኝ ይቀየሙኛል" አሏት። የማኅበሩን ደንብ ሁሉም ያውቃል፤ ባለተራ አላቸው ብላ ተወቻቸው። ከእሳቸው እስከ እኔ ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ረቡዕ ያቺው ሴት ከሰል ልትገዛ መጥታ፣ "እንግዳችሁ ደጅ ላይ ሰነበቱ እኮ፣ ሰዎቹ አልመጡም" አለችኝ። መስፈሪያውን ጥዬ እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ "ምነው አባባ፣ ምነው ወደ እኔ ቢመለሱ?" አልኳቸው።

"አንቺማ ተራሽን ጨርሰሻል" አሉኝ።

ከአንጀቴ አለቀስኩ። ከኋላዬ የደረሰው ባሌ ባስቆመው ባጃጅ ውስጥ አቅፌያቸው ሆስፒታል ስናደርስ አካላቸው እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር። ሐኪሙ ሳንባቸው ክፉኛ ተመቷል አለ። ኦክስጅን አደረጉላቸው፣ መርፌ ወጓቸው። "ዕድሜያቸውም ገፍቷል፣ ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋቸው" አለን፤ ተስፋ የለውም ለማለት እንደ ሆነ ባሌም እኔም ገብቶናል።

ከሆስፒታል ተመልሼ እጄን ሳልታጠብ የጓሮዋን በር ከፈትኩ። ባሌ ሳልጠራው መጣ። የቀሩትን ማዳበሪያዎች ከዋናው ቤት ጣራ ሥር አስጠጋን፣ በፕላስቲክ ሸፈንናቸው። ወለሉን ጠረግን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባን፣ የሽቦ አልጋ አስገባን፣ ለበሩ አዲስ ቁልፍ ገዛን። ቡና አንዴ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ያህል እንኳ አልደከመንም። ከቀትር ጀምረን ጀንበር ሳትጠልቅ ጨረስን። ባሌ ኖራውን ከእጁ እያጠበ "ይኸው ነው?" አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ነቅተው ነበር፣ ዓይናቸውም ጠርቶልኛል። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ጣቶቻቸውን አጠፍኩላቸው። "አባባ፣ የጓሮዋን ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ። አልጋ አለ፣ ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ ቁልፉ ይኸው። የእርስዎ ናት" አልኳቸው።

ቁልፉን ቀና አድርገው አዩት። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ብዙ ደከምሽ" አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ፣ "ለስንት ቀን ነው?" አሉኝ።

"ቀን የለውም አባባ። ሁልጊዜ ነው። የእርስዎ ቤት ነው።"

በየቤታችን "በሞቴ ይብሉልኝ" ስንላቸው እንደሚያደርጉት፣ እንዳያስቀይሙኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አላመኑኝም። ትንሽ ቆይተው፣ "ከአንቺ ቀጥሎስ ተረኛው ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።